የነፍስ መድኃኒት ቤት

የመጻሕፍት ቤት እስከ ምን ድረስ ሊያጌጥ ይገባዋል? ጥያቄው ሲታይ ቀላል ይመስላል። መጽሐፍ የሚያስፈልገው ከዝናብ የሚጋርደው ጣሪያ፣ ከምስጥና ከአይጥ የሚጠብቀው መደርደሪያ፣ ለአንባቢውም የሚበቃ ብርሃን ነው ብንል የሚቃወመን አይኖርም። ከዚህ የተረፈው ሁሉ፣ ማለትም ወርቁ፣ የተቀረጸው እንጨት፣ በሥዕል የተሸፈነው ጣሪያ ለማን የተሠራ ነው? ለመጽሐፉ ነውን? ለአንባቢው ነውን? ወይስ ለባለቤቱ ክብር? ባለቤቱም ንጉሥ ወይም ባለጸጋ ነጋዴ ሳይሆን ድህነትን በመሐላ የተቀበለ መነኩሴ በሆነ ጊዜ ጥያቄው የሥነ ሕንፃ ጥያቄ መሆኑ ይቀርና የኅሊና ጥያቄ ይሆናል። የተራበ ወንድም በደጅ ቆሞ ሳለ በውስጥ ጣሪያ ማስጌጥ መልስ የሚያሻው ነገር ነውና።

ይህን ጥያቄ በሐሳብ ብቻ ከመመርመር ይልቅ በአንድ የታወቀ ሥፍራ ላይ ማየት ይሻላል። በምሥራቃዊ ስዊዘርላንድ በምትገኘው በሳንክት ጋለን ከተማ የጥንት የቤነዲክታውያን ገዳም ቤተ መጻሕፍት አለ። ከካቴድራሉና ከቀሩት የገዳሙ ሕንፃዎች ጋር በ1983 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ወደ አዳራሹ ለመግባት የመጣ ሰው በመጀመሪያ የሚታዘዘው ከጫማው በላይ ከሱፍ የተሠራ ሰፊና ለስላሳ መሸፈኛ እንዲያጠልቅ ነው፤ ይህም በልዩ ልዩ እንጨት የተጌጠው ወለል እንዳይጎዳ ነው። ከበሩ በላይ በግሪክ ፊደል የተጻፉ ሁለት ቃላት ይታያሉ። ትርጉማቸው «የነፍስ መድኃኒት ቤት» ወይም «ነፍስ የምትፈወስበት ሥፍራ» ማለት ነው። እኛም በጎበኘንበት ጊዜ እንደ ሌላው ጎብኚ እግራችንን እየጎተትን ከእነዚህ ቃላት በታች አለፍን።

አዳራሹ የተሠራው ከ1758 እስከ 1767 ባሉት ዓመታት፣ አባ ምኔት ቼለስቲን ጉገር ገዳሙን ይመሩ በነበረበት ዘመን ሲሆን፣ የሕንፃው መሪ ፔተር ቱምብ የተባለ ስመ ጥር የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ነበር። ባሮክ የሚባለው የጥበብ ስልት በ17ኛውና በ18ኛው ምእት ዓመት በካቶሊካዊት አውሮፓ እጅግ የተስፋፋ ነው። ይህ ስልት ቀጥተኛውን መስመር አይወድም፤ ግድግዳውም ሆነ ሰገነቱ እንደ ውኃ ማዕበል እንዲታጠፍ ያደርጋል፤ ዓይንን በብርሃንና በብዛት ማርኮ ልብን ወደ ላይ ለማንሣት ይጥራል። በሳንክት ጋለንም በመስኮቶቹ መካከል የቆሙት የእንጨት መደርደሪያዎች፣ በላያቸው የሚዞረው ባለ ሞገድ ሰገነት፣ የጊግል ወንድማማቾች በኖራ የሠሩት የጣሪያ ጌጥ፣ ዮሴፍ ቫነንማኸር የሣላቸው ሰፋፊ ሥዕሎች በአንድነት ሆነው የሚገባውን ሰው ዝም ያሰኛሉ። በሰገነቱ ደረጃ የሕፃናት መልክ ያላቸው ትንንሽ ምስሎች የየሙያቸውን መሣሪያ ይዘው ቆመዋል፤ አንዱ ከዋክብትን ይመረምራል፣ ሌላው ይታከማል፣ ሌላው ይቀኛል። የሰው ልጅ ዕውቀት ሁሉ በዚህ ቤት ሥፍራ አለው ለማለት ነው።

ይሁን እንጂ መጻሕፍቱ ከቤቱ እጅግ ይቀድማሉ። ጋሉስ የተባለው አየርላንዳዊ መናኝ በ612 ገደማ በዚያ ሸለቆ በዓቱን አጸና። ከአንድ ምእት ዓመት በኋላ በ719 ቅዱስ ኦትማር ገዳሙን መሠረተ፤ በ747ም ማኅበሩ የቅዱስ ቤነዲክቶስን ሕግ ተቀበለ። በዘጠነኛውና በአሥረኛው ምእት ዓመት የገዳሙ ጸሐፍት በብራና ላይ የደከሙት ድካም ዛሬም ፍሬው ይታያል። ቤተ መጻሕፍቱ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ያህል የእጅ ጽሑፎች ሲኖሩት ከእነዚህ ውስጥ ከአራት መቶ በላይ የሚሆኑት ከ1000 ዓ.ም. በፊት የተጻፉ ናቸው። ስለዚህ ከብራናዎቹ መካከል አብዛኞቹ ጥንታውያን ያለዚያ ጣሪያ፣ ያለዚያ ወርቅ ሰባትና ስምንት መቶ ዓመታት ኖረዋል። መጽሐፍ ለመኖር ጌጥ እንደማያስፈልገው ከእነርሱ የበለጠ ምስክር የለም። እንግዲያስ ጌጡ ምን ጨመረላቸው?

ከዚህ ላይ የከበደ ተቃውሞ ይነሣል፤ ያነሣውም ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ያለ ሰው አይደለም። ቅዱስ በርናርዶስ ዘክሌርቮ በ1125 ገደማ ለወዳጁ ለጊዮም በጻፈው ጽሑፍ የዘመኑን ገዳማት ጌጥ በብርቱ ገሥጿል። የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ወርቅ ለብሶ ልጆቿ ዕራቁታቸውን መቅረታቸው ልቡን አቁስሎት ነበር። ከዚህም አልፎ ለርእሳችን የቀረበ ነገር ተናግሯል፤ መነኩሴ በየዓምዱ የተቀረጸውን ልዩ ልዩ ምስል እያየ ቀኑን ሲፈጅ መጽሐፉን ማንበብ ትቶ ድንጋዩን ማንበብ ይጀምራል ሲል ወቀሰ። በርናርዶስ የሳንክት ጋለንን አዳራሽ አላየም፤ ከእርሱ በኋላ በስድስት መቶ ዓመታት የተሠራ ነውና። ነገር ግን በመካከሉ ቆመን ዙሪያችንን ስናይ ወቀሳው ለዚያ ቀን የተጻፈ መሰለን። ከጎብኚዎቹ መካከል አብዛኛው ሰው ወደ ጣሪያው አንጋጦ ነበር። ወደ መጻሕፍቱ ጀርባ ቀርቦ ስማቸውን ለማንበብ የሞከረ ጥቂት ነው።

በሌላ በኩል ደግሞ ወንጌል ራሱ በዚህ ነገር እንዳንቸኩል ያስጠነቅቀናል። በቢታንያ አንዲት ሴት ዋጋው እጅግ የበዛ ሽቱ በጌታ ላይ ባፈሰሰች ጊዜ፣ ይህ ተሸጦ ለድኾች በተሰጠ ነበር የሚል ቃል ተነሥቶ እንደነበር እናውቃለን። ተናጋሪው ይሁዳ ስለ ሆነ ብቻ ቃሉ ሐሰት ነው ልንል አንችልም፤ ድኾች በእርግጥ ነበሩ፣ ሽቱውም በእርግጥ ውድ ነበር። ጌታ ግን ሴቲቱን አልገሠጻትም። ፍቅር አንዳንድ ጊዜ ከሚያስፈልገው በላይ እንደሚሰጥ፣ ይህም መስጠት ከድኻው የተነጠቀ ተደርጎ ሁልጊዜ ሊቆጠር እንደማይገባው ከዚህ እንማራለን። በመሆኑም ጌጥን ሁሉ ኃጢአት ነው ማለትም፣ በእግዚአብሔር ስም የተሠራ ጌጥ ሁሉ ጽድቅ ነው ማለትም አይቻልም። መለያውን ሌላ ቦታ መፈለግ ይኖርብናል።

መለያውን ራሱ የሳንክት ጋለን ቤተ መጻሕፍት ይዞልናል። ከቅርሶቹ ሁሉ እጅግ የታወቀው በወርቅ ያጌጠ መጽሐፍ አይደለም፤ አምስት ብራናዎች ተሰፍተው የተሠሩበት አንድ ሰፊ ንድፍ ነው። በዘጠነኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ ገደማ፣ ሩቅ ባልሆነው በራይኸናው ገዳም ለሳንክት ጋለን ተብሎ የተነደፈ የአንድ ፍጹም ገዳም ፕላን ነው። በ12ኛው ምእት ዓመት አንድ ጸሐፊ በጀርባው የቅዱስ ማርቲኖስን ገድል ስለ ጻፈበት ከመጣል ድኗል። በዚህ ንድፍ ላይ የመጻሕፍቱ ክፍል ከመቅደሱ ጎን፣ ከጸሐፍቱ ክፍል በላይ ተሠርቷል። በዚያው ቅጥር ውስጥ የድኾችና የመንገደኞች ማረፊያ አለ፤ የራሱ ማብሰያና ዳቦ መጋገሪያም ተደርጎለታል። የሐኪሙ ቤት፣ የሕሙማን ቤት፣ የመድኃኒት ዕፀዋት የሚተከሉበት ትንሽ አትክልት ሥፍራም እንዲሁ ተነድፈዋል። ለታላላቅ እንግዶች የተሻለ ቤት መመደቡ አልቀረም፤ ንድፉ የሰው ሥራ ነውና። ነገር ግን የመጽሐፍ ቤት፣ የድኻ ቤትና የመድኃኒት አትክልት በአንድ ቅጥር ውስጥ እንዲኖሩ የፈለገው ያ ያልታወቀ አሳቢ ለበርናርዶስ ጥያቄ ሦስት መቶ ዓመታት አስቀድሞ መልስ ሰጥቷል። የመጻሕፍቱ ቤት የሚያፍርበት የድኻው ቤት ከጎኑ በጠፋ ጊዜ ነው፤ ጌጡ የሚፈረድበትም አገልግሎቱን ሲለቅ ነው።

ጌጥ አገልግሎቱን ሊለቅ እንደሚችል ደግሞ የኋለኛው ታሪክ ያሳያል። አዳራሹ ከተፈጸመ አርባ ዓመት እንኳ ሳይሞላው በ1805 ገዳሙ በአዲሱ የክፍለ ሀገሩ መንግሥት ውሳኔ ተሻረ። መነኮሳቱ ሄዱ፤ መጻሕፍቱ ግን ቀሩ። ዛሬ ቤተ መጻሕፍቱ በክፍለ ሀገሩ የካቶሊክ ምእመናን ማኅበር ሥር ይተዳደራል፤ ሊቃውንትም ይሠሩበታል። እኛ የምናስበው ግን ስለ ሌላው፣ ስለ አብዛኛው ጎብኚ ነው። ጸሎቱ በሰዓቱ የማይደገምበት፣ ንባቡ ለማኅበር የማይነበብበት አዳራሽ ውበቱ እንዳለ ይቆያል፤ እንዲያውም ውበቱ ብቻውን ሲቀር የበለጠ ይታያል። በዚህ ጊዜ ጌጡ ወደ መጻሕፍቱ የሚመራ መንገድ መሆኑ ይቀርና ራሱ መድረሻ ይሆናል። መድኃኒት ቤት ገብቶ የጠርሙሶቹን ቀለም አድንቆ የወጣ በሽተኛ ግን ከበሽታው አልተፈወሰም።

ዓይን ብቻውን ሲያይ ምን እንደሚያመልጠው በጣሪያው ላይ ካሉት ሥዕሎች ልንረዳ እንችላለን። አራቱ ታላላቅ ሥዕሎች የመጀመሪያዎቹን አራት ዓለም አቀፍ ጉባኤዎች ያሳያሉ፤ እነርሱም የኒቅያ በ325፣ የቁስጥንጥንያ በ381፣ የኤፌሶን በ431፣ የኬልቄዶን በ451 የተደረጉት ናቸው። አባቶች በደመናና በብርሃን መካከል ተሰብስበዋል። ከኢትዮጵያ ለመጣ ክርስቲያን ግን አራተኛው ሥዕል እንደ ሌሎቹ ታይቶ የሚታለፍ አይደለም። ሦስቱን ጉባኤዎች በሀገራችን ያሉ ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ በአንድነት ይቀበላሉ፤ በአራተኛው ላይ ግን ወንድማማች ከወንድማማች ተለይቷል። ያ መለያየት በየቤተሰባችንና በየመንደራችን ሳይቀር ይታወቃል። ሥዕሉ የሚያሳየው የጉባኤውን ክብር እንጂ ከጉባኤው በኋላ የፈሰሰውን እንባ አይደለም፤ ይህም የሥዕል ተፈጥሮ ነው፣ አንዲት ቅጽበት መርጦ ያጸናልና።

ከሥዕሉ በታች በመደርደሪያው የቆሙት መጻሕፍት የሚናገሩት ግን ሌላ ነው። የአባቶችን ክርክር፣ የቃላትን አተረጓጎም፣ «ባሕርይ» እና «አካል» የሚሉት ቃላት በልዩ ልዩ ቋንቋ የተሸከሙትን ልዩ ልዩ ትርጉም የሚያስረዱ መጻሕፍት በትዕግሥት ለሚያነብ ሰው የቁስሉን ሥር ያሳያሉ፤ የፈውሱንም መንገድ ይጠቁማሉ። በ1973 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ ሳድሳዊና የእስክንድርያው ፓትርያርክ አቡነ ሺኖዳ ሣልሳዊ በክርስቶስ ላይ ያላቸውን እምነት በአንድ የጋራ ቃል ለመግለጽ የበቁት፣ ሊቃውንት ለብዙ ዓመታት እነዚያን የቆዩ መጻሕፍት እንደገና ከፍተው ስላነበቡ ነው። ስለዚህ ጣሪያውን ብቻ ያየ ሰው ድልን አይቶ ይወጣል፤ መጻሕፍቱን ያነበበ ሰው ደግሞ ለወንድሙ እንዴት እንደሚናገር ተምሮ ይወጣል። የነፍስ መድኃኒት የተባለው ይህ ሁለተኛው ይመስለናል።

ስለ ጽሑፉ ራሱ ጥቂት እንበል። በበሩ ላይ ያሉትን ቃላት የገዳሙ ሰዎች ከራሳቸው አላመነጩትም። የግሪኩ ታሪክ ጸሐፊ ዲዮዶሮስ፣ ከጌታ ልደት በፊት በመጀመሪያው ምእት ዓመት፣ በግብፅ በጥንታዊቷ በቴብስ ከተማ ስለ ነበረ የንጉሥ ቤተ መጻሕፍት ሲናገር ይህ ጽሑፍ እንደነበረበት ተርኳል። ስለዚህ የስዊዘርላንዱ ገዳም የበሩን ስም የተዋሰው ከአፍሪካ ምድር፣ ከዓባይ ዳርቻ ነው። የሚያስገርመውም ከዚያችው ከቴብስ የመጣች አንዲት ሴት በዚያው አዳራሽ መገኘቷ ነው። ስሟ ሼፔኔዜ ይባላል። ከጌታ ልደት በፊት በሰባተኛው ምእት ዓመት የኖረች የካህን ልጅ ናት። በሽቱና በጨርቅ ተከፍኖ የደረቀው አስከሬኗ ገዳሙ ከተሻረ በኋላ፣ በ1820 ገደማ፣ ለአንድ የክፍለ ሀገሩ ባለ ሥልጣን በስጦታ ተላከ፤ ከዚያም በቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ለረጅም ዘመን ለጎብኚ ሲታይ ኖረ። በ2022 አስከሬኗ እንዲህ መታየቱ ተገቢ ነውን፣ ወደ ሀገሯስ መመለስ አይገባትምን የሚል ክርክር በአደባባይ ተነሣ።

እኛ በዚህ ክርክር ላይ ፈራጅ ሆነን አንቀመጥም። ነገር ግን ጥያቄው ከያዝነው ነገር ጋር በቀጥታ ይገናኛል። አባትና እናት የነበሯት፣ በሀገሯ ሥርዓት ተለቅሶላት የተቀበረች ሴት በጌጥ መካከል በመስተዋት ውስጥ ስትቀመጥ በተመልካች ዓይን ራሷ አንድ ተጨማሪ ጌጥ ትሆናለች። ይህን ያደረጉ ሰዎች ክፉ አሳብ ነበራቸው ማለታችን አይደለም፤ ዕውቀትን ለማስፋፋት አስበው ይሆናል። ዓይን ማድነቅ ብቻ ከለመደ ግን ሰውንና ዕቃን ለይቶ ማየት ይሳነዋል። በእኛ ሀገር ለሞተ ሰው የሚደረገውን ክብር፣ በለቅሶ ቤት ጫማ አውልቆ ጥግ ይዞ የሚቀመጠውን ዘመድ ስናስብ፣ የዚህች ባዕድ ሴት ነገር ከልባችን ሩቅ አይሆንም። የነፍስ መድኃኒት ቤት ተብሎ የተሰየመ ሥፍራ ሥጋን እንዴት ማክበር እንደሚገባ መጠየቁ የስሙ ግዴታ ነው።

እንግዲህ ውበትን ከነአገልግሎቱ የሚይዝ ሰው ምን ይመስላል? የዚያው ገዳም ታሪክ አንዲት ሴት ታሳየናለች። ቅድስት ቪቦራዳ በ916 በከተማው በቅዱስ ማግኑስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ በተሠራላት ክፍል ውስጥ በሩ በግንብ ተዘግቶባት በጸሎት ትኖር ነበር። ለገዳሙ መጻሕፍት መሸፈኛ ጨርቅ ትሠራ እንደነበርም ይነገራል። በ926 የማጃር ጦረኞች ወደ ሀገሪቱ እየቀረቡ ሳለ፣ አደጋውን አስቀድማ አይታ ለአባ ምኔቱ ለኤንግልበርት ምክር ላከች። ከሌላው ንብረት ሁሉ አስቀድሞ መጻሕፍቱ እንዲወጡ ነበር ምክሯ። መጻሕፍቱ ወደ ራይኸናው ተወሰዱ፤ መነኮሳቱም ወደ ተጠናከረ አምባ ሸሹ። እርሷ ግን ከክፍሏ ለመውጣት እንቢ ብላ በዚያው በጦረኞቹ እጅ በመጥረቢያ ተገደለች። በ1047 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ቀሌምንጦስ ዳግማዊ ቅድስናዋን አወጁ። ሠዓልያን መጽሐፍና መጥረቢያ አስይዘው ይሥሏታል፤ የቤተ መጻሕፍት ጠባቂ ቅድስትም ተብላ ትከበራለች።

የቪቦራዳ ምክር የሚያስደንቀን በቅደም ተከተሉ ነው። ሰው ምን እንደሚያከብር የሚታወቀው በሰላም ጊዜ ባጌጠው ነገር አይደለም፤ እሳት ወይም ጦር በመጣ ጊዜ አስቀድሞ በሚያነሣው ነው። የሴቲቱ ሕይወት በአራት ግድግዳ መካከል የተወሰነ ነበር፤ ጣሪያዋ ሥዕል አልነበረበትም። ሆኖም የዚያ ሁሉ ሀብት ልብ የት እንዳለ ከሁሉ ይልቅ እርሷ አውቃለች። አሥራ ስምንተኛው ምእት ዓመት ያንን አዳራሽ ሊሠራ የቻለው በአሥረኛው ምእት ዓመት መጻሕፍቱን የሚያስወጣ ሰው ስለ ተገኘ ነው።

የገዳሙ ታሪክ ጸሐፊ ኤክሃርት በዚህ ታሪክ ላይ አንድ ነገር ጨምሯል። መጻሕፍቱ ከራይኸናው ሲመለሱ ቁጥራቸው ልክ ሆኖ ተገኘ፤ መጻሕፍቱ ግን ራሳቸው አልነበሩም፤ ተለዋውጠው ነበር ይባላል። በዚህ ነገር ፈገግ ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ቁም ነገር አለበት። መጽሐፍን መቁጠርና መጽሐፍን ማወቅ አንድ አይደሉም። መዝገቡ ሙሉ፣ ቁልፉ ጽኑ፣ ቁጥሩ ትክክል ሆኖ ሳለ በውስጡ ያለውን የሚያውቅ ሰው ከሌለ፣ አደራው ተጠብቋል ለማለት ያስቸግራል። አደራ የተቀበለ ሰው ዕቃውን ብቻ ሳይሆን ዕቃው ለምን እንደተሰጠው ማወቅ አለበትና።

በዚያው ገዳም በ1022 ያረፈው መምህር ኖትከር ይህን በሚገባ የተረዳ ሰው ነበር። በእርሱ ዘመን የትምህርት ቋንቋ ላቲን ነበረ፤ ለተማሪዎቹ ግን የባዕድ ቋንቋ ነው። ኖትከር መዝሙረ ዳዊትን፣ የቦኤጥዮስንና የአርስጣጣሊስን መጻሕፍት ወደ ሕዝቡ የጀርመን ቋንቋ ተረጎመ። ያልተለመደ ሥራ መሥራቱን ራሱ ለአንድ ጳጳስ በጻፈው ደብዳቤ ገልጿል፤ ምክንያቱም ተማሪዎቹ በቋንቋቸው ፈጥነው እንዲረዱ ነው። መድኃኒቱ በመደርደሪያ ላይ እያለ የታመመው ሰው እጁ እንዳልደረሰ አይቶ ዝቅ አድርጎ ያቀበለ ሰው ይህ ነው። ከ2000ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮም የዚያ ቤት ጠባቂዎች ብራናዎቹን በኤሌክትሮኒክ ዘዴ እያነሡ ማንም ሰው ከየትኛውም ሀገር ሆኖ ገጽ በገጽ እንዲያያቸው ማድረጋቸው የኖትከርን ሥራ የሚቀጥል ነው እንላለን።

ይህ የቤነዲክታውያን ልማድ ለሀገራችንም ደርሷል። በአሜሪካ በሚኒሶታ፣ በኮሌጅቪል የሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ የቤነዲክታውያን ገዳም፣ ጦርነት ቢነሣ የአውሮፓ ብራናዎች ይጠፋሉ በሚል ሥጋት በ1965 በኦስትሪያ ገዳማት የሚገኙትን ጽሑፎች በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመረ። በ1973 ይኸው ሥራ ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ጋር በመተባበር ወደ ኢትዮጵያ ተሻገረ፤ በሃያ ዓመታት ውስጥም ከዘጠኝ ሺህ በላይ የእጅ ጽሑፎች በፊልም ተቀርጸዋል። በ2021 ያረፉት ሊቁ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዕድሜያቸውን በእነዚህ ጽሑፎች ዝርዝርና ጥናት ላይ አሳልፈዋል። በኬልቄዶን ጉዳይ የተለያዩ ሁለት ወገኖች በመጻሕፍት ጉዳይ ተገናኝተው በአንድ ሥራ ላይ ጎንበስ ማለታቸው ከአንድ ጣሪያ ሥዕል የበለጠ የሚታይ ነገር ነው።

የተቀረጹት መጻሕፍት አብዛኞቹ የኖሩበትን ቤት እናውቃለን። በማኅደራቸው ሆነው በግድግዳ ላይ በተተከለ እንጨት ተንጠልጥለው፣ ወይም በዕቃ ቤት ከንዋየ ቅድሳቱ ጋር ተቀምጠው፣ የሰረቃቸውን የሚያወግዝ ቃል በመጨረሻ ገጻቸው ተጽፎባቸው ነው። የባሮክ አዳራሽ አልነበራቸውም። የነበራቸው በሌሊት ተነሥቶ የሚያነብባቸው ካህን፣ ዳዊቱን በቃሉ እስኪይዝ የሚደግም ተማሪ ነው። ይህን የምንለው የእኛ ድህነት ከእነርሱ ጌጥ ይበልጣል ብለን ለመመካት አይደለም። ዝናብ የገባባቸው፣ አይጥ የበላቸው፣ በጥቂት ብር ለመንገደኛ የተሸጡ ብራናዎቻችን እንዳንመካ ያደርጉናል። ጌጥም ድህነትም ለየብቻቸው መጽሐፍን አያድኑም። መጽሐፍን የሚያድነው ተቀባይ ያለው አደራ ነው።

ስለዚህ ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ስንመለስ መልሳችን ይህ ነው። የመጻሕፍት ቤት ሊያጌጥ ይችላል፤ ለእግዚአብሔር ቃልና ለሰው ልጅ ጥበብ የሚገባውን ክብር በእጅ ሥራ መግለጥ ነውር የለበትም። ነገር ግን ጌጡ በየዕለቱ ዋጋውን መክፈል አለበት። የሚከፍለውም የገባውን ሰው ወደ መደርደሪያው ሲያቀርብ፣ መደርደሪያውም ወደ ጎረቤቱና ወደ ድኻው ሲመልሰው ነው። ይህን ካላደረገ በርናርዶስ ልክ ነው፤ ወርቁም ከሳሽ ይሆናል።

ይህን ለስዊዘርላንድ ብቻ ተናግረን ብናልፍ ግን ንግግራችን ከንቱ ነው። በየቁምስናችን፣ በየገዳማችንና በየትምህርት ቤታችን የመጻሕፍት ቁም ሣጥን አለ። አንዳንዱ በዳንቴል ጨርቅ ተሸፍኖ፣ በላዩ የእመቤታችን ሐውልት ቆሞበት፣ በአበባ አጊጦ ይታያል። ቁልፉ ከማን ዘንድ እንዳለ ግን የሚያውቀው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም በሌለበት ቀን ሣጥኑ አይከፈትም። በውስጡ ቀደምት ካህናት በድካም ተርጉመው ያሳተሟቸው የጸሎትና የትምህርት መጻሕፍት፣ የቅዱሳን ገድላት፣ የሥርዓት መጻሕፍት ተደርድረዋል። በዚያው ጊዜ የቁምስናው ወጣት የሚያነበው አጥቶ ይቅበዘበዛል፤ ከሌላ ቤተ ክርስቲያን የመጣ ጓደኛው ስለ እምነቱ ሲጠይቀው መልስ ያጣል፤ በሐዘን የተመታች እናትም የሚያጽናናት ቃል በአጠገቧ ተቆልፎ ሳለ ሳታገኘው ትቀራለች።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ሣጥኑን ከፍቶ የሚቀመጥ አንድ ፈቃደኛ፣ የተዋሰውንና የመለሰውን የሚጽፍበት አንድ ደብተር፣ ዓይናቸው ለደከመ አረጋውያን ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያነብ አንድ ተማሪ ይበቃል። አንዳንድ መጽሐፍ ይቀደድ ይሆናል፤ አንዳንዱም ላይመለስ ይችላል። በንባብ ያረጀ መጽሐፍ ግን ለአደራ ሰጪው የሚያሳፍር አይደለም። ካህናትና የቁምስና ምክር ቤት አባላት በመጪው ስብሰባቸው ሌላ አጀንዳ ከመያዛቸው በፊት ቁልፉ የት እንዳለ ይጠይቁ፤ ለመጪው እሑድም ሣጥኑን የሚከፍት ሰው ይምረጡ።